የጋሽ ማስረጃ እርማት

ዩኒቨርሲቲ በተባለ ቦታ ሁሉ ስለ መጻፍ ሲናገር የሚውል፣ ራሱ ግን የማይጽፍ አንድ መምህር አይጠፋም። ኮሪደር ላይ ስታገኘው፣ "መጽሐፉ ከምን ደረሰ?" ብለህ እንዳትጠይቀው ቀድሞህ "አንተስ፣ እየጻፍክ ነው?" ይልሃል። ብብቱ ሥር ያለችው ማኅደር ከዓመት ዓመት ትወፍራለች እንጂ አትወልድም።

የእኛው ጋሽ ማስረጃ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ተማሪዎቻቸው ነን። የሚያስተምሩት ኢ-ልቦለድ ጽሑፍ ነው፤ የሆነን ነገር ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ አንባቢውንም ሳያስተኙ መጻፍ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ያስተማሯቸው ልጆች ዶክተር ሆነዋል፣ ዲን ሆነዋል፣ አንዳንዶቹም ጡረታቸውን ማሰብ ጀምረዋል። ክቡር መምህራችን ግን ሌክቸረር ሆነው ገቡ፣ ሌክቸረር ሆነው ቀሩ። ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ሥራ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ያላለቀ ነገር አያሳትሙም።

ነገሩ የተጀመረው በጋዜጣ ነበር። በወጣትነታቸው ሁለት ዓመት የማዘጋጃ ቤት ዘጋቢ ሆነው ውኃ ሲጠፋና መንገድ ሲቆፈር ይዘግቡ ነበር። አንድ ቀን ስለ ፈነዳ ቧንቧ የጻፉትን ስድስት ገጽ አርታኢው በአራት መስመር አወጣው። ጋሽ ማስረጃ በማግስቱ መልቀቂያ አስገቡ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ኢ-ልቦለድ የሚያስተምረው ሰው በሴሚስተሩ መካከል ጥሎት ስለሄደ ሰው ቸግሮት ነበር። "ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ያዙልን" አሏቸው። ያዙላቸው።

መጀመሪያ የተሰጣቸው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አራት መስኮት ነበረው። ማዕረግ ሳያድግ ዓመት ሲከማች ደግሞ ሰው ወደ ታች ይወርዳልና፣ እኔ በተማርኩበት ዘመን ምድር ቤት፣ ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ዕቃ ማስቀመጫ አጠገብ ደርሰው ነበር። ከግድግዳው ባሻገር ያለው አሲድ እየሸተተን ከኋላ የምንቀመጠው ልጆች ዓይናችን ያነባ ነበር። ጋሽ ማስረጃ ንግግራቸው አንጀታችንን የበላው እየመሰላቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉልናል።

የሚታወቁበት አንድ ጥያቄ አለ፦ "አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?" ማንንም አይምሩበትም። መንገድ ላይ አደጋ ደርሶ ዘገየሁ የሚል ተማሪ አደጋውን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካየ ደግሞ የመኪናው ቀለም ይከተላል። አንድ የሥራ ባልደረባቸው የኩላሊት ጠጠር ወጣልኝ ብሎ ሲተርክ፣ መምህራን ሁሉ "እንኳን አተረፈህ" ሲሉት፣ እሳቸው "ጠጠሩን አይተኸዋል ወይስ ሐኪሙ ነግሮህ ነው?" አሉት። ሰውየው ቆሽቱ አርሮ መሳቢያውን ከፈተና በብልቃጥ ያስቀመጠውን አወጣላቸው። ጋሽ ማስረጃ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩና፣ "ይህን ይዘህማ መጻፍ አለብህ" አሉት።

እኔም አልተረፍኩም። የመጀመሪያ ሥራዬን "ሰማዩ ስለ እኛ አለቀሰ" ብዬ ጀመርኩ። አባቴ እንኳን ወዶት ነበር። ጋሽ ማስረጃ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ፣ "ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ? ስንት ሰዓት አባራ? ሰማዩ ስለ እናንተ ማልቀሱን ማን ነገረህ?" ብለው 'ሲ' የሚል ውጤት ሰጡኝ። ለሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም። አላወቁም።

የራሳቸውን መጽሐፍ በተመለከተ የታወቀው ነገር ይህ ነው። ርዕስ አለው። የሽፋን ሥዕል አለው። የምስጋና ገጹ አምስት ጊዜ ተሻሽሏል፤ አንዳንዶቹ ሰዎች በሕይወት ስለሌሉ ከምስጋና ገጽ ወደ መታሰቢያ ገጽ ተዛውረዋል። ከእነዚህ ገጾች በኋላ የሚመጣው ገና ነው። ፋርማሲስት የሆኑት ባለቤታቸው በአንድ ወቅት፣ "ምን ላይ እንደምትጽፍ አልጠይቅህም፤ እኔን ብቻ እዚያ ውስጥ እንዳታስገባኝ" ብለዋቸው ነበር አሉ። ይህ ቃል ኪዳን እስከ ዛሬ ያለ ምንም ችግር ተከብሯል።

ይህን ሁሉ ይዤ፣ እኚህ ሰው ዝም ብለው አፈ ጮሌ ናቸው ብዬ ልደመድም እችል ነበር። ግን የድልድዩ ታሪክ አለ።

በየዓመቱ በመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ጋሽ ማስረጃ በሩን ይዘጋሉ፤ ኮታቸውን ያወልቃሉ፤ ወንበራቸውን ስበው ከፊታችን ይቀመጣሉ። "ስድስት ዓመቴ ነበር" ብለው ይጀምራሉ። አባታቸው ከከተማ ከተማ የሚመላለስ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ክረምት ነው። እሳቸውና ታላቅ እኅታቸው ከፊት፣ ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ ውስጥ አርባ ሁለት ሰው አለ። ወንዙ ሞልቶ የድልድዩን ሳንቃ መላስ ጀምሯል። አባት መኪናውን አቆሙ። ተሳፋሪው ተቆጣ፤ "ፈሪ!" አላቸው፤ አንዱ ጎረምሳ አንተ ካልነዳህ እኔ እነዳለሁ ብሎ ብድግ አለ። ያኔ አባት ሞተሩን አጠፉ፤ ወረዱ፤ ወንዙ ዳር ሄዱና ቁልፉን ውኃው ውስጥ ወረወሩት። "አሁን ማንም አይሻገርም" አሉ። በሰባተኛው ደቂቃ ድልድዩን ጎርፉ ይዞት ሄደ።

"ሰባት ደቂቃ" ይላሉ ጋሽ ማስረጃ፤ "ስምንት አይደለም፤ ስድስት አይደለም። ለምን አርባ ሁለት ሰው አልኩ? ብዙ ሰው ለምን አላልኩም? በዚያ ወንበር ላይ ስለነበርኩ ነው። ኢ-ልቦለድ ማለት መገኘት ነው።"

ከፊት የተቀመጡ ልጆች ደብተራቸው ላይ "ሰባት ደቂቃ" ብለው ይጽፋሉ። ቁልፉ ወንዝ ከገባ አውቶቡሱን ማን መልሶ ወሰደው ብሎ የጠየቀ ተማሪ ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንድ አልተገኘም። እኔም ራሴን ጋዜጠኛ እላለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ማስረጃን ቢሮዋ አስጠራቻቸው። ኃላፊዋ የእኔ የክፍል ጓደኛ ነች፤ የኢ-ልቦለድን የቤት ሥራ ከእኔ ስትገለብጥ ኖራ እኔን በሁለት ነጥብ የበለጠች ሴት ናት። አሁን ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣ ለቀድሞ መምህሯ ክፉ ወሬ መንገር ግድ ሆነባት።

"መምህር፣ ኮርሱ ሊታጠፍ ነው" አለቻቸው። "ከሪፖርት አጻጻፍ ጋር ይጠቃለል ተብሏል። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሥራ አላሳተሙም፤ ምን ብዬ ልከራከር?"

"መጽሐፌ እየተጠናቀቀ ነው።"

"መምህር፣ መጽሐፉን ይተዉት። የዩኒቨርሲቲው መጽሔት ከሁለት ወር በኋላ ይወጣል። አሥር ገጽ ብቻ ይስጡኝ። የድልድዩን ታሪክ። እኔ እስከ ዛሬ ዝናብ እየዘነበ ድልድይ ላይ ስደርስ አባትዎ ትዝ ይሉኛል። እሱን ልክ እንደሚነግሩን አድርገው ይጻፉት፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት።"

ጋሽ ማስረጃ ደስ እያላቸው ወጡ። ታሪኩ በአፋቸው ሃያ ሁለት ጊዜ ተሞርዶ አልቋል፤ ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው የቀረው። የሚጽፍ ሰው ግን ያጣራል፤ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩን ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ እኅታቸው ቤት ሄዱ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል ብለው ነበር። የሆነውን ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄ ነው የምጽፈው።

እኅታቸው፣ እሳቸው "እትዬ" የሚሏቸው፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ሰውን በስሙ ሳይሆን በተወለደበት ሰዓት የሚያስታውሱ ሴት ናቸው። የዚያን ቀን ጠረጴዛ ላይ የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ ሣጥን እየደለደሉ ነበር።

"እትዬ፣ የአባዬን የድልድዩን ነገር ልጽፈው ነው። አንቺም ስለነበርሽ አንዳንድ ነገር ላጣራ ብዬ ነው።"

"አንቺም?" አሉ እትዬ። "ሌላ ማን ነበር?"

"እኔ ነኛ።"

እትዬ የሐሙሱን ክኒን በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ። "አንተማ ኩፍኝ ይዞህ ቤት ተኝተህ ነበር።"

ጋሽ ማስረጃ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

"ብርሃን እንዳይነካህ ተብሎ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎልህ ነበር። ለእማዬ መድኃኒት የምታቀብላት የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ እኔ ከአባዬ ጋር ስለሄድኩ።"

"እትዬ፣ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ዝናቡን አስታውሳለሁ። የአባዬን ጀርባ፣ የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ።"

"የምታስታውሰው እኔ የነገርኩህን ነው" አሉ እትዬ ረጋ ብለው። "ከሕመምህ ስትነሳ ለምን ጥላችሁኝ ሄዳችሁ ብለህ ሦስት ቀን አለቀስክ። አላባራ ስትል ታሪኩን እየነገርኩህ አንተንም ከፊት አስቀመጥኩህ። ያኔ ዝም አልክ። በማግስቱ ድገሚልኝ አልክ፤ ደገምኩልህ።"

ጋሽ ማስረጃ እስክሪፕቶውን አስቀመጡት። ከዚያ ልማድ ነውና እንዲህ አሉ፦ "ቁልፉንስ ሲወረውር አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?"

"አልወረወረውም። ታሪኩ ውስጥ ያስወረወርኩት እኔ ነኝ።"

እትዬም ሃምሳ ዓመት ያልተናገሩትን ተናገሩ። አባታቸው ሊሻገሩ ነበር። "ፈሪ" ሲባሉ አልቻሉም። ወርደው ውኃውን አዩ፤ ተመልሰው ልጃቸውን "አጥብቀሽ ያዢ፣ ልንሻገር ነው" አሏት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ በክኒኑ ሣጥን ላይ የራሳቸውን እጅ እያንቀጠቀጡ አሳዩ። መኪናው ላይ ሊወጡ ሲሉ ቁልፉ ከእጃቸው አመለጠና በሩ ሥር ካለው ጭቃ ውስጥ ገባ። ተንበርክከው በእጃቸው ሲዳብሱ፣ ተሳፋሪው ከላይ ሲያወርድባቸው፣ ድልድዩ ሄደ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። አባዬ ቁልፉን አገኘው። ጠረገው። ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ አዞረና መለሰን። ቤት ስንደርስ፣ 'ልሻገር እንደነበር ለማንም አትንገሪ' አለኝ። አልነገርኩም።"

"አርባ ሁለት ሰው ነበራችሁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት ማን ይቆጥራል? አርባ ሁለት ያልኩህ የቤታችን ቁጥር ስለነበረ ነው።"

የኢ-ልቦለድ መምህሩ ለሃያ ሁለት ዓመት ለምሳሌነት ሲያቀርቡት የኖሩት ጽሑፍ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የፈጠረችው ልቦለድ ሆኖ ተገኘ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ሥራዬን ለቅቄ ለእትዬ አስረክብ ነበር።

ሲወጡ እትዬ በር ድረስ ሸኟቸው። "አሁን የነገርኩህን እንዳትጽፍ" አሏቸው። "አባዬ አርፏል፤ አታሳጣብኝ። የእኔን ጻፈው፣ የሚያምረውን። ማን ያውቃል?"

እዚህ ላይ ጋሽ ማስረጃን ከልቤ አዘንኩላቸው። የሚያምረው ዝግጁ ነው። እኅታቸው ጻፈው ብለዋል። ኃላፊዋ ልክ እንደሚነግሩን አድርገው ይጻፉት ብላለች። መጽሔቱ ገጽ ይዞ ይጠብቃል፤ ኮርሱም እንጀራቸውም ያለው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ጓደኛቸውን ወይም የማያውቁትን ሰው ቢጠይቁ "ምን ቸገረዎት?" ይላቸዋል። እኔን ቢጠይቁኝ እላቸው ነበር፤ በጋዜጣ ሥራዬ ከዚህ የባሰ ስንቱን አሳልፌያለሁ።

ሦስት ሳምንት አንድ ቃል አልጻፉም። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ ቤት ውስጥ ማንንም ምንም መጠየቅ አቆሙ። ሴት ልጃቸው አለቃዋ እንደበደላት ስትናገር "እሺ" ብለው አለፉ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ የደም ግፊት መለኪያውን አመጡ። ግፊቱ ደህና ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ፤ ኮታቸውን ግን አላወለቁም። ሠላሳ አንድ ተማሪ ነበር። "በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አባቴ የነገርኳችሁን አስታውሱ" አሉ። "ድልድዩ ጋ አልነበርኩም። እንዳየሁ አድርጌ ነው የነገርኳችሁ። ያየሁት ነገር የለም።"

ክፍሉ ተያየ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?"

"አይመጣም።"

"እሺ" አለችና እስክሪፕቶዋን ዘጋች።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር። ጋሽ ማስረጃ ግን ከክፍል ወጥተው በቀጥታ ሬጅስትራር ሄዱ። የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪዎቻቸውን ስም ዝርዝር ከነአድራሻው ጠየቁ። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ቅጽ አወጣችላቸው።

"ለምን ጉዳይ ነው?"

"ለእርማት።"

"የውጤት እርማት ከሆነ ጊዜው አልፏል።"

"የተማሪ ውጤት አይደለም። የእኔ እርማት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ያልሆነ ነገር ነግሬያቸዋለሁ።"

ሠራተኛዋ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችው። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበረ "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገችላቸው። የወጣላቸው ዝርዝር ስድስት መቶ አርባ ሰባት ሰው ነበር።

ደብዳቤው እኔ ዘንድ የደረሰው ጋዜጣው ቢሮ፣ በኢሜይል ነው። ደብዳቤ ከእሳቸው አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሲ የሰጡኝ ትዝ አለኝና ጠረጠርኩ። እንዲህ ይላል፦

"ለቀድሞ ተማሪዬ። ስለ አባቴና ስለ ድልድዩ የነገርኩህን ታሪክ በዓይኔ ያየሁት ነው ብዬህ ነበር። አላየሁትም፤ የዚያን ቀን ኩፍኝ ይዞኝ ቤት ተኝቼ ነበር። ቁልፉም አልተወረወረም። የሆነውን ልነግርህ አልችልም፤ ታሪኩ የሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው አልፈቀደልኝም። በእኔ ተማምነህ ለሌላ ነግረህ ከሆነ፣ እባክህ አርምልኝ።"

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጀምረው የጨረሱት ጽሑፍ ይኸው ነው። አንድ ቃል የምቀንስለት አጣሁ።

መልሱ እየጎረፈ መጣላቸው። ግማሹ የትኛው ድልድይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ፣ አሁን ዳኛ የሆነ፣ "ያን ቀን ተኝቼ ስለነበር እርማቱ አይመለከተኝም፤ ለሐቀኝነትዎ ግን አመሰግናለሁ" ብሎ ጻፈ። አንዷ፣ "ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፣ አሁን ምን ልበላቸው?" ብላ ተቆጣች። ጋሽ ማስረጃ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጡ። ለተቆጣችዋ ሴት፣ "ቁልፍ የወረወረ ሰው የለም በያቸው፤ ድልድዩ ግን መሄዱን የማዘጋጃ ቤቱን መዝገብ አሳዪያቸው፤ ገጹን ልኬልሻለሁ" ብለው ጻፉላት። ገጹንም ላኩ።

ኃላፊዋ ደብዳቤውን ለማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው አቀረበች። እንደ ኅትመት ይቆጠር ብላ ተከራከረች፤ ይህን ስሰማ ያስኮረጅኳትን ሁሉ ይቅር አልኳት። ሰባት ምሁራን ሁለት ሰዓት ተወያዩ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ፦ "ያልታተመ ሥራ እርማት ሊታተም የማይችል በመሆኑ፣ የማይታተም ሥራ እርማትም እንደ ኅትመት አይቆጠርም።" ይህን ያረቀቀው ሰው ሙሉ ፕሮፌሰር ነው። ኮርሱ ከሪፖርት አጻጻፍ ጋር ተጠቃለለ። ለጋሽ ማስረጃ የተረፈላቸው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት፣ ፈቃደኛ ለሆነ ብቻ፣ ያለ ውጤት። ማዕረጋቸውም ያው ነው።

እኔም አስፈቅጄ ደብዳቤውን በጋዜጣው አወጣሁት፤ ሳልቆርጥ። እሑድ ጠዋት እትዬ አነበቡት። ወዲያው ለወንድማቸው ስልክ ደወሉ።

"ሌላ ሰው ያልከው እኔን ነው?"

"ስምሽን ማንሳት አልፈለግሁም፣ እትዬ።"

"አዝዬ ያሳደግሁህን፣ ሌላ ሰው?"

"አትጻፈው አላልሽኝም?"

"የእኔንም አልጻፍከውም። የሚያምረውን ጻፈው ብዬህ ነበር እኮ። ሥራህንስ?"

"ያው ነው። እየሠራሁ ነው።"

"ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው የምታስተምረው?"

እትዬ ራሳቸው ክፍል መጥተው የሆነውን ሊናገሩ መሆኑ ሲሰማ፣ ጋዜጣው እንድዘግብ የላከኝ በዚያ ረቡዕ ነው። ያለ ውጤት የሚማር ተማሪ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ዘጠኝ ነበሩ። ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብላ የጠየቀችው ልጅ ከፊት ተቀምጣለች። እትዬ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቆመው ተናገሩ። ጋሽ ማስረጃ ከተማሪዎቹ መሀል ተቀምጠው ነበር። ወንበሩ ስለሚጠብባቸው እግራቸውን ወደ መተላለፊያው ዘርግተዋል።

እትዬ አላሳመሩትም። አባታቸው እንደፈሩ፣ ሊሻገሩ እንደነበር፣ በጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ እንደዳበሱ ነገሩን። አባታቸው ቁልፉን በሸሚዛቸው እንዴት እንደጠረጉ በእጃቸው አሳዩን። ሲጨርሱ ልጅቷ እጇን አወጣች።

"ከዚያ በኋላስ አባትዎ ምን ሆኑ?"

"ምን ይሆናል? በማግስቱ ሥራ ገባ። ሃያ ዓመት ነዳ" አሉ እትዬ። "ዝናብ ከዘነበ ግን ድልድይ ሁሉ ጋ አውቶቡሱን አቁሞ ይወርዳል። መጀመሪያ በእግሩ ተሻግሮ፣ ተመልሶ መጥቶ፣ ከዚያ ይነዳል። ተሳፋሪው ይስቅበት ነበር። ስም አውጥተውለታል። አንድም ቀን አልተወም።"

ጋሽ ማስረጃ ከወንበራቸው ቀና አሉ። "ይህን አልነገርሽኝም።"

"ልነግርህ ምን አስፈለገኝ? አብረኸን ነበርክ።"

"መቼ?"

"ስንት ጊዜ። አንተ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድመህ ትተኛለህ።"

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እትዬም ሳቁ። ጋሽ ማስረጃ አልሳቁም። እየጻፉ ነበር። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ፈጥነው፣ ቀና ሳይሉ ይጽፉ ነበር። ሁለት ገጽ ሲገለብጡ አይቻለሁ።

ዘገባውን በሳምንቱ አወጣሁና ነገሩ አበቃ። ጋዜጣው የላከኝ ለአንድ ረቡዕ ብቻ ነበር። አሁን አምስተኛዬ ነው። አርታኢዬ የት እንደምጠፋ ሲጠይቀኝ ጥርስ ሐኪም ጋ ነው እለዋለሁ። ከኋላ፣ ግድግዳው አጠገብ ቦታ ይዣለሁ፤ አሲዱ አሁንም ይሸታል።

ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጡን። ስለ አባታችሁ ሁለት ገጽ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ። አሥር ዓመት በየሳምንቱ ዓምድ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና በምሳ ሰዓት እጨርሰዋለሁ ብዬ ቢሮዬ ተቀመጥኩ። ጫማውን ሲያስር ጻፍኩ። ሬዲዮ ሲያዳምጥ አንገቱን እንዴት እንደሚያዘነብል ጻፍኩ። ስለ ወጣትነቱ፣ ስለ ሥራው፣ እናቴን እንዴት እንዳገኛት የማውቀውን ሁሉ ስመረምረው ከእናቴና ከአክስቶቼ የሰማሁት ሆኖ አገኘሁት። ግማሽ ገጽ ላይ ቆምኩ።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩለት። በሥራ ሰዓት ደውዬለት ስለማላውቅ ደነገጠ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም፣ አባዬ። አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ነው።"

"ጠይቀኛ።"

"በስልክ አይሆንም። ነገ ልምጣ?"

"ስንት ሰዓት?" አለኝ። "ገላዬን ልታጠብ።"